የወረርሽኝ ስጋት ግንዛቤና የመከላከል እርምጃ ከሳንጃ እስከ መተማ ዮሐንስ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ለሕዝብ ይፋ ተደረገ። በዚያው ዕለት ጎረቤት ሱዳንም የመጀመሪያውን ታማሚ መመዝገቧን አስታወቀች። በመሀል አገር ለሚኖር ሰው እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዜናዎች ነበሩ። በመተማ ዮሐንስ እያደረ ገላባት ለሚውል ነጋዴ፣ ጫኝና አውራጅ ወይም አሽከርካሪ ግን አንድ ዜና ነበር፤ በሽታው ከፊቱም ከኋላውም በአንድ ቀን ደርሶበታልና። ከዐሥር ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 14 ቀን፣ የአገሪቱ የየብስ ድንበሮች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ ማብቃቱን እስካስታወቀበት ጊዜ ድረስ በአገራችን ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው በምርመራ ተረጋግጧል፤ ከ7 ሺህ 500 በላይ ወገኖቻችንም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ቁጥሩ ተመርምረው የተገኙትን ብቻ የሚያሳይ እንደ መሆኑ ትክክለኛው ጉዳት ከዚህ እንደሚበልጥ ይታመናል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቁጥሩ አይደለም። በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎችና በአጎራባቹ አርማጭሆ የሚኖረው፣ እንዲሁም በየዓመቱ ለሥራ ወደዚያ የሚወርደው ሕዝብ የበሽታን አደጋ በምን ሚዛን እንደሚመዝን፣ የትኛውን የመከላከል እርምጃ ወዲያው እንደሚቀበልና የትኛውን ሰምቶ እንደሚያልፍ መመርመር ነው። ጥያቄው ከኮሮና ጋር አብሮ አላለፈም። በኮሌራ ጊዜ ተመልሶ መጥቷል፤ ነገም በሌላ ስም ይመጣል።

ስለ ወረርሽኝ በተነጋገርን ቁጥር ከባለሙያዎችና ከአስተዳደር አካላት አንደበት የማይጠፋ አንድ ቅሬታ አለ፤ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» የሚል። ይህ ቅሬታ ቢበዛ ግማሽ እውነት ነው። የቆላው ሰውም ሆነ ወደ ቆላ የሚወርደው ሰው ስለ በሽታ ጥንታዊና ሰፊ ዕውቀት አለው። የደጋ ገበሬ የወባን ትኩሳት ንዳድ ብሎ ሲጠራው ከየት እንደሚያገኘውና በየትኛው ወር እንደሚያገኘው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቤቱን ከፍ ባለ ቦታ መሥራቱ፣ ክረምት ሲወጣ ወደ ቆላ ከመውረድ መቆጠቡ፣ መውረድ ግድ ሲሆንበትም ቀን ሠርቶ ማታ ወደ ደጋው ለመመለስ መጣሩ ምንም ዓይነት መመሪያ ሳይወጣ ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው የመከላከል እርምጃዎች ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሕዝቡ አደጋን ማወቅ አለማወቁ አይደለም። የሚያውቀውን አደጋ ከሌላ አደጋ ጋር ሲያነጻጽር የትኛው እንደሚከብድበት ነው።

ለዚህ ከሰሊጥ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቋቱ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ባለ እርሻው በዚያ ሰሞን እጅ ይፈልጋል፤ የደጋው ወጣትም በዚያ ሰሞን ገንዘብ ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኞች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባሉትንም ጨምሮ፣ በጎንደር በኩል አልፈው አንዳንዶቹ በሳንጃ ወደ አብደራፊና ሑመራ፣ ሌሎቹ በገንዳ ውኃ ወደ መተማና ቋራ ይወርዳሉ። የአጨዳው ወር ወባ የሚበረታበት ወር መሆኑን የማያውቅ ከመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል። አውቀው ይወርዳሉ። በሽታው ሊይዝም ላይዝም ይችላል፤ የአንድ ወቅት ደመወዝ ቢቀር ግን መቅረቱ የተረጋገጠ ነው። ይህን ስሌት «የግንዛቤ ማነስ» ብሎ መጥራት ስሌቱን አለመረዳት ነው።

የሳንጃ ከተማ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የታች አርማጭሆ ወረዳ ማዕከል በሆነችው በዚህች ከተማ በትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከተመረመሩት ዐሥር ልጆች ስምንቱ ገደማ የአንጀት ብልሃርዝያ ተሸካሚ ሆነው መገኘታቸውን አሳይተዋል። ምንጩ ልጆቹ የሚዋኙበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ሰው የሚሻገርበት የወንዝ ውኃ ነው። ብልሃርዝያ ለዓመታት ጉበትንና አንጀትን እየጎዳ የልጅን ዕድገት የሚያቀጭጭ በሽታ ነው። ሆኖም ወንዙን ያስፈራው ሰው አናይም። ሁሉም ያለበት በሽታ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሆድ ቁርጠቱም የልጅነት ዕጣ ተደርጎ ይቆጠራል። የሰው ልብ የሚደነግጠው ለአዲስ፣ ለድንገተኛና ከውጭ ለመጣ ነገር ነው። በየቀኑ ቀስ ብሎ የሚጎዳውን ይለምደዋል። ይህ የሳንጃ ሰው ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የትም አገር ያለ ሰው ከመኪና ይልቅ አውሮፕላንን ይፈራል።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውንም በዚህ መንገድ ማየት ይገባል። መጀመሪያ ላይ የነበረው ድንጋጤ ትልቅ ነበር። በአገራችን የተገኘው የመጀመሪያው ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ስለ ነበረ በሽታው «የፈረንጅ» ወይም «የባዕድ» ተደርጎ ተቆጠረ። በአንዳንድ ቦታዎች በውጭ አገር ዜጎች ላይ የማንጓጠጥና የማዋከብ ተግባር መፈጸሙም ይታወሳል፤ መንግሥትም ድርጊቱን አውግዟል። በገበያ የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብል፣ የሎሚና የፌጦ ፍላጎት በአንድ ጊዜ አሻቀበ። እነዚህ በአገራችን ቤት ሁሉ ለጉንፋን የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ሰው ያልታወቀን በሽታ በሚያውቀው በሽታ ዓይን ማየቱ፣ መድኃኒቱንም ከሚያውቀው መድኃኒት መካከል መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ችግሩ ፌጦ መብላቱ አልነበረም። ፌጦ የበላ ሰው «ተከላክያለሁ» ብሎ ሌላውን ጥንቃቄ መተዉ ነበር።

በቆላማው አካባቢ ደግሞ የተለየ መጽናኛ ተገኘ፤ ሙቀት። በመተማ ሜዳ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። «ይህን ሐሩር የሚችል በሽታ የለም» የሚለው አስተሳሰብ በመላው ዓለም ሞቃት አገሮች ተሰምቷል፤ በዚህም ቢሰማ አያስገርምም። ከድንበሩ ማዶ የሆነው ግን ይህን አያረጋግጥም። ካርቱም ከመተማ የማይተናነስ ሙቀት ያለባት ከተማ ናት፤ ሆኖም የሱዳን ወረርሽኝ የከፋው በካርቱም ነበር። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በቅርበት በሚወጣ ትንፋሽ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ከሙቀት ሸሽተው በአንድ ዳስ ጥላ ሥር የተሰበሰቡ ሃያ ሰዎች በብርድ አገር በአንድ ክፍል ከተሰበሰቡት ሃያ ሰዎች ብዙም አይለዩም። ሙቀቱ እንዲያውም አንድ ነገር አከበደ። በዚያ ሐሩር የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ጆንያ መሸከም ምን ማለት እንደ ሆነ መመሪያ ስናዘጋጅ ሁልጊዜ አላሰብነውም።

የአዋጁ ክልከላዎች ግልጽ ነበሩ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የሚጭኑት ሰው ቁጥር ተቀነሰ፤ በሕዝብ አገልግሎት መስጫ ቦታዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆነ። ከዚህ ጎን ለጎን «በቤትዎ ይቆዩ»፣ «ርቀትዎን ይጠብቁ»፣ «እጅዎን በሳሙና ደጋግመው ይታጠቡ» የሚሉ መልእክቶች በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ መደወያ ድምፅ ሳይቀር ተላለፉ። የእጅ መታጠብ መልእክት በፍጥነት ተቀባይነት አገኘ፤ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ባለ ቧንቧ በርሜል ቆመ። ከምግብ በፊትና በኋላ እጅ ማስታጠብ ለሕዝባችን አዲስ ሥርዓት ስላልሆነ መልእክቱ ከነባር ልማድ ጋር ገጠመ። «በቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ግን ቤት ያለውን ሰው ታሳቢ ያደረገ ነበር። በእርሻ ዳር በላስቲክ ዳስ ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተደራርቦ ለሚያድር ሠራተኛ መልእክቱ ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ ነው። ውኃ በጄሪካን ተገዝቶ ወይም ከሩቅ ተቀድቶ በሚመጣበት ቦታ በበጋ ወራት «ደጋግመው ይታጠቡ» ማለትም ከመጠጥ ውኃው ቀንሱ እንደ ማለት ሊሰማ ይችላል።

ከሁሉ የከበደው የለይቶ ማቆያ ጉዳይ ነበር። ከሱዳን የሚመለሱ ዜጎች በመተማ በኩል ሲገቡ በለይቶ ማቆያ እንዲቆዩ፣ ናሙናም እንዲሰጡ ተደርጓል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የመመርመር ሥራውን ከተቀላቀሉት የክልሉ ተቋማት አንዱ ነበር። ለጤና ባለሙያ ለይቶ ማቆየት ጥንቃቄ ነው። በማቆያው ለሚገባው ሰው ግን የጠፋ የሥራ ቀን፣ ከቤተሰብ መለየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «በሽታ ያመጣ» ተብሎ መታየት ነው። የመተማ ወሰን ረጅምና ሜዳማ እንደ መሆኑ በኬላ ከማለፍ ይልቅ በእግር መንገድ መግባት ለሚፈልግ ሰው ብዙ አማራጭ አለ። በኬላው የሚገባው ሰው ከተመሰገነና በቶሎ ከተስተናገደ ሌላው ይከተለዋል፤ ከተዋረደ ሌላው በጫካ ይገባል። በድንበር አካባቢ የሚሠራ ማንኛውም የቁጥጥር እርምጃ በመጨረሻ የሚለካው በዚህ ነው።

በዚህ ላይ የትኩሳት ግራ መጋባት አለ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም የኮሮናም የወባም ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ በጥርጣሬ መታየት በጀመረበት ጊዜ ወባ የያዘው ሰው ጤና ተቋም ከመሄድ ቢቆጠብ ጉዳቱ ከኮሮናው ሊብስ ይችላል። በወባማ አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ሰው ምክሩ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ትኩሳት በተሰማዎ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ምርመራ ያድርጉ።

ስም በግንዛቤ ላይ ያለው ኀይል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አባቶቻችን ኮሌራን «የነፋስ በሽታ» ይሉት ነበር። በ1858 ዓ.ም. የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ ይኸው በሽታ ሠራዊታቸውን ስለ ጎዳው ሰፈሩን ለቀው ሄደዋል። በሽታው በነፋስ ይመጣል ብሎ ለሚያምን ሰው ቦታ መልቀቅ ትክክለኛ መከላከያ ነው። በ1911 ዓ.ም. በዓለም የተስፋፋው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ከተረፉት አንዱ ነበሩ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ቆሻሻ የሚቃጠለው፣ ሰፈርም የሚታጠነው ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር ተያይዞ ነው። መጥፎ አየርን በጭስ ማባረር ቫይረስን አይገድልም። ነገር ግን እርምጃው ሕዝቡ ስለ በሽታው መንስኤ ከነበረው እምነት ጋር ስለ ገጠመ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። መመሪያ ለሚያወጣ አካል ይህ ቅናት የሚያሳድር ዕድሜ ነው።

በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ደግሞ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በአጭሩ «አተት»፣ የሚለው ስም በስፋት ሥራ ላይ ውሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አማራ ክልልን ጨምሮ በተከሰተው ወረርሽኝ በሽታው ኮሌራ መሆኑ በስሙ ተጠርቶ ተነገረ። በዚህ ጽሑፍ አቋም የኋለኛው አካሄድ የተሻለ ነው። ተቅማጥ ለሚያውቅ ሰው «ተቅማጥ» ማለት ነገ የሚለቅ ሕመም ነው፤ ኮሌራ ግን በሰዓታት ውስጥ የሰውነትን ውኃ አሟጥጦ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። በከፋ ሁኔታ የታመመ ሰው ሕክምና ካላገኘ የመሞት ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል። በጊዜው ከታከመ ግን ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታማሚው ወደ ሕክምና የደረሰበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ ቤተሰቡ ሕመሙን በየትኛው ስም እንደ ጠራው ነው።

ይህ በቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሜል ቅዱስ ጊዮርጊስ ጠበል ጎልቶ ታይቷል። ወደዚህ ጠበል ከመላ አገሪቱ ምእመናን ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ ከመካከላቸውም አስቀድሞ በሌላ ሕመም የተዳከሙ በርካቶች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጠበሉ አካባቢ ኮሌራ ተከሰተና ሕይወት ቀጠፈ፤ ከዚያም ወዲህ በሽታው በአካባቢው ተመልሶ ታይቷል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰፍር፣ በቂ መጸዳጃ ሲጠፋ፣ የመጠጥ ውኃም ሳይታከም ሲቀር ኮሌራ የሚፈልገው ሁሉ ተሟላለት ማለት ነው። የግንዛቤው ጥያቄ ግን ከዚህ ይረቅቃል። ቁስል ሲድን «ሻረ» እንላለን፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱ ሲጠረግም «አሻረው» እንላለን። ጠበል በብዛት የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው ወይም ሆዱን ሲያስቀምጠው ብዙዎች የመዳን ምልክት አድርገው ያዩታል። እንግዲህ ኮሌራ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ከመዳን ምልክት ጋር ይመሳሰላል። ታማሚው «ጠበሉ እየሠራ ነው» እያለ፣ አስታማሚውም ደስ እያለው፣ ውድ ሰዓታት ያልፋሉ።

ይህን እምነትን በመንቀፍ ማስተካከል አይቻልም፤ አይገባምም። የሚያስፈልገው ልዩነቱን ማሳየት ነው። የሩዝ ውኃ የመሰለ፣ ሳያቋርጥ በተደጋጋሚ የሚወርድ ተቅማጥ፣ ዓይን መጎድጎድ፣ የቆዳ መሸብሸብ፣ የእግር ጡንቻ መኮማተርና ሽንት ማጣት የኮሌራ ምልክቶች ናቸው። ይህን የሚናገረው ሰው ማንነትም ወሳኝ ነው። የንስሐ አባት ወይም የጠበሉ አገልጋይ ካህን «ይህ ሲታይ ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ፤ ስትድኑ ተመለሱ» ቢሉ ቃላቸው ከማንኛውም በራሪ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማል። በጸበልተኞች ሰፈር የሚሰራጨው የመጠጥ ውኃ በክሎሪን እንዲታከምና መጸዳጃ እንዲቆፈር የሚደረገው ጥረትም በጠበሉ አስተዳደር ስም ሲሠራ ከውጭ የተጫነ ትእዛዝ መምሰሉ ይቀራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ መተማ ዮሐንስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚገቡባት በር ሆነች። ስደተኞች፣ የሌላ አገር ዜጎችና ተመላሽ ኢትዮጵያውያን በአንድነት ገቡ። ዓመቱ ሳያልቅም በኩመር የስደተኞች መጠለያ የኮሌራ ታማሚዎች ተገኙ። እዚህ ላይ የ2012ቱ ስሕተት እንዳይደገም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «በሽታውን ስደተኞቹ አመጡት» የሚለው ንግግር ለጆሮ ይቀላል፤ ነገር ግን በዚያው ክረምት በቋራ ወረርሽኙ ነበረ፤ በሌሎች የአገራችን ክፍሎችም ከዚያ በፊት ጀምሮ ነበረ። ኮሌራ የሚከተለው ዜግነትን አይደለም፤ ያልታከመ ውኃንና በቂ ያልሆነ መጸዳጃን ነው። ስደተኛውን የሚያገል ማኅበረሰብ ታማሚውን ይደብቃል፤ የተደበቀ ታማሚ ደግሞ የሚጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው።

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የዝንጀሮ ፈንጣጣ በሌላኛው የአገራችን ጫፍ በሞያሌ መገኘቱ ሲገለጽም የድንበር ከተሞች ለአዲስ በሽታ የመጀመሪያ በር መሆናቸው በድጋሚ ታይቷል። ለመተማ ነዋሪ ይህ ሩቅ ዜና መስሎ ሊታየው አይገባም።

ክትባትን በተመለከተ የመጀመሪያው 2 ነጥብ 184 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘበት ዕለት አንደኛ ዓመት፣ መጋቢት 4 ቀን፣ መሰጠት ተጀመረ። አስትራዜኔካ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ዛሬ በሳንጃ፣ ከሁለት ወር በኋላ በትውልድ ቀየው ለሚገኝ ሠራተኛ ይህ አይመችም። ኋላ በዘመቻ የተሰጠው በአንድ ዶዝ የሚጠናቀቀው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ለእንዲህ ያለው ተንቀሳቃሽ ሕዝብ የተሻለ ነበር። የክትባት አቅርቦት ሲታቀድ በየወቅቱ የሚንቀሳቀሰውን ሰው አብሮ ማሰብ ከማስተማር ያላነሰ ውጤት አለው።

የሠራተኛው እንቅስቃሴ ከሁሉም በላይ ያስተማረን በካላዛር በኩል ነው። በመተማ፣ በአርማጭሆና በሑመራ ቆላ ካላዛር ነባር በሽታ ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነድፈውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የትንኝ ድምፅ የሰማ ሰው አጎበር ይፈልጋል፤ ምንም ያልሰማ ሰው ደግሞ በግራር ሥር ተዘርግቶ ይተኛል። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ካላዛር ቀድሞ አይታወቅም ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰዎች በብዛት በትኩሳት መታመምና መሞት ሲጀምሩ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ካላዛር መሆኑ በ1997 ዓ.ም. ሲረጋገጥ ብዙ ሕይወት አልፎ ነበር። በሽታው ወደዚያ የገባው ለወቅታዊ ሥራ ወደ ቆላ ወርደው በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደ ሆነ ይታመናል። ሳይታከም ቢቀር ካላዛር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል።

ስለዚህ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድ ሰው፣ በመንገዱም በሳንጃ ወይም በገንዳ ውኃ የሚያልፍ ሰው፣ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አጎበር ይዘው ይውረዱ፤ ከቤት ውጭም ቢሆን በእንጨት ዘርግተው ከሥሩ ይተኙ። የሚጠጡትን ውኃ ያፍሉ ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን አክመው 30 ደቂቃ ጠብቀው ይጠጡ። ተቅማጥና ትውከት ከጀመረዎ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በጥብጠው ወዲያው መጠጣት ይጀምሩ፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። እየጠጡ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ለመጠጣት ብለው ጉዞውን አያዘግዩ። ሕፃን ከታመመ የእናት ጡት አይቋረጥ። በወረርሽኝ ጊዜ በኮሌራ ማከሚያ ማዕከላት የሚሰጠው አገልግሎት ክፍያ የለውም፤ የካላዛር ሕክምናም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በመተማ ሆስፒታልና በአብደራፊ በነፃ ይሰጣል። ለጥያቄና ለጥቆማ በነፃ የስልክ መስመሮች 952 እና 8335 መደወል ይቻላል።

ባለ እርሻዎችም ድርሻ አላቸው። በአንድ እርሻ ብዙ ሰዎችን የሚያሠራ ባለሀብት የታከመ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ ሳያዘጋጅ ሠራተኛውን «እጅህን ታጠብ» ቢለው ትርጉም የለውም። ወጪውም ቢሰላ በአጨዳ መካከል በሕመም ከሚጠፉ የሥራ ቀናት ያንሳል። የሰሊጥ ባለቤት ቋቱ ሲከፈት የሚያጣውን ከማንም በላይ ያውቃልና ይህን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያሻም።

ወደ ቀያቸው የሚመለሱ ሠራተኞች ከተመለሱ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊታመሙ እንደሚችሉ ቤተሰብ ማወቅ ይገባዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ለወባ መድኃኒት ያልመለሰ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ ከታየ ታማሚው ለሐኪሙ መጀመሪያ ሊናገረው የሚገባው ሕመሙን ሳይሆን የነበረበትን ቦታ ነው፤ «ቆላ ነበርሁ፤ መተማ» ወይም «አርማጭሆ ሠርቼ መጣሁ» ይበል። በደጋ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ካላዛርን እንዲያስብ የሚያደርገው ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።